የጣይባ ዕርቅ

ጎረቤቴ ጣይባ በደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ነው ያረጀችው። ባጃጅ ነጂ ልጇን ሙንዚርን አንድ ፖሊስ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በጥይት ገደለው፤ "ቁም ስለው አልቆመም" አለ። የፖሊሱ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው፣ ድንጋይ ተሸክመው እግሯ ላይ ወደቁ። እሷም ሌላ ደም እንዳይፈስ ብላ፣ ለአላህ ስትል አውፍ ብላ ታረቀች። በወሎ ደም ከታረቁ በኋላ ነገሩን መልሶ ማንሳት ነውር ነው።

የፖሊሱ ክስ ፍርድ ቤት ሲሰማ ግድያውን በዓይኗ ያየችው የኔነሽ አልመሰክርም አለች።

"እትዬ ጣይባ፣ እርስዎ አውፍ ብለው እኔ በምን አፌ ልናገር?"

"ቂሜን ተውኩ እንጂ ፍርዱን መቼ ተውኩ፣ አንቺ ልጅ!"

"ታዲያ ያኔ ለሽማግሌዎቹ አይነግሯቸውም ነበር?"

 ጣይባን እስከ ዛሬ የሚቆጫት ይኸው ነው። ፖሊሱ በምስክር እጦት ተለቀቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ባለፈው ሳምንት ከጣይባ ጋር ስንሄድ ፒያሳ ላይ አገኘነው። "አሰላሙ አለይኩም፣ እናቴ" ብሎ ትከሻዋን ሳማት። ሰላምታውን መለሰችለትና ጠመንጃውን እያየች ጠየቀችው።

"ይሄንን ማን መለሰልህ?"

"አለቆቼ ናቸው።"

"ስለ ልጄስ አልጠየቁህም?"

"ጠይቀውኛል፣ እናቴ። ታርቀናል አልኳቸው።"