በካሴቱ ላይ የቀረው ርክርክ

ልጄ ህሊና አዲሱ ዘፈኗ የወጣ ዕለት ጊታሯን አዝላ ከአዘዞ መጣች። አሳታሚ የላትም። በተከራየቻት አንዲት ክፍል ራሷ ትጫወታለች፣ ራሷ ትቀዳለች፣ ራሷ በስልክ ትለቀዋለች። የምትወደው ሳትወለድ የነበረውን የስድሳዎቹን አጨዋወት ነው። እኔ ዘፈኗን ስሰማ ዜማውን ትቼ ግጥሙን እፈትሻለሁ፤ ማንን ነካች፣ ማን ይቀየማት ይሆን እያልኩ።

«እማዬ፣ መጀመሪያውን በደንብ ስሚው» አለችኝ። ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር።

ስልኩ ዘይት ላይ እንደሚጠበስ ነገር ተንጫጫ። ከዚያ አንዲት ልጅ በጊታር ታጅባ ዘፈነች፦

ከቀሐ ማዶ ነው ያየሁት ሲሻገር፣
ውሃው ወሰደብኝ የምለውን ነገር።

ጎመኑ ከእጄ ወደቀ። ድምፁ የእኔ ነበር።

«ከየት አመጣሽው?»

«ቆይ፣ ጨርሺውና…»

«ከየት አመጣሽው ነው የምልሽ!» በሩን አየሁ። ባሌ ቄስ ይትባረክ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱበት ሰዓት ደርሶ ነበር።

ያን ዘፈን የዘፈንኩ ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ቁስቋም አባቴ ቤት ተቀምጫለሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምራሉ። ሴት ልጅ ከተማሪዎቹ ጋር አትቀመጥም። እኔ ግን ከግድግዳው ወዲህ ምስር እየለቀምኩ ሁሉንም እሰማለሁ። በተለይ ርክርክ የሚሉትን፣ ድምፅን ጉሮሮ ውስጥ እንደ ጠጠር የሚያንከባልሉበትን፣ እወደው ነበር። አባቴ ርክርኩን የሚያዞሩበት የራሳቸው አኳኋን ነበራቸው፤ የእሳቸው ተማሪ የትም ሄዶ በዚያ ይታወቃል።

ከተማሪዎቹ አንዱ ዲያቆን ይትባረክ አጭቶኛል። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት አለበት፤ የሚያገባትም ስሟ በክፉ የማይነሣ መሆን አለባት። እናቴ ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ትነግረኝ ነበር።

መስከረም ላይ ጌሾ ልገዛ ነው ብዬ አዘዞ ጓደኛዬ ሙሉ ጋ ሄድኩ። የመንገዱ ጭቃ ገና አልደረቀም። የሙሉ ወንድም ጌትነት ጊታር ይመታል፤ ቴፕም አለው። የበቆሎ እሸት ጠብሰን ስንበላ፣ «አንቺ የመሪጌታ ልጅ፣ እስቲ አንድ በይልን» አለኝ።

«ብትገድለኝ አልልም።»

«ስምሽን ለማንም አላነሣም። ሙሉ ትሙት!»

«ራስህ ሙት!» አለች ሙሉ።

ስቀን ስናበቃ እሱ በጊታር እያጀበኝ፣ ቴፑም እየቀዳ ዘፈንኩ። ስሜ ካልተነሣ ማን ያውቀኛል ብዬ። ግጥሙ የራሴ ነው፤ ስለ ማን እንደሆነ ግን ለሙሉም አልነገርኳትም።

ወር ሳይሞላ ከገበያ ስመለስ ድምፄን ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት ሰማሁት። ስሜ የለበትም፤ የአባቴ ርክርክ ግን ጊታሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ሳላስበው ነው የገባው፤ ሌላ አዘፋፈን መቼ አውቄ! ከተማሪዎቹ አንዱ በዚያ ቢያልፍ እጮኝነቱም አለቀ፣ የአባቴም ክብር አለቀ።

በማግስቱ አዘዞ ወረድኩ።

«ሸጥከኝ!» አልኩት ጌትነትን።

«ምነው ጥሩዬ! ለጓደኛዬ ለልብስ ሰፊው አዋስኩት እንጂ።»

«እንዲያውም ሸጋ ድምፅ ነው ብለውታል» አለች ሙሉ።

«ዝም በይ፣ አንቺም አለሽበት!»

ጌትነት ካሴቱን ሊያስመልስልኝ ወደ ልብስ ሰፊው ወሰደኝ። ሰውየው ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ «ካሴቱን ትናንት አንድ የቤተ ክህነት ሰው ወሰደው» አለ። «ጃንጥላ ይዞ ደጅ ቆሞ እስኪያልቅ ሰማ። ከዚያ ሌላ ቅጂ አለ ወይ አለኝ። የለም ስለው ይሄንኑ ለምኖ ወሰደ።»

«ሽማግሌ ነው ወጣት?»

«እንጃ እህቴ፣ ዓይኔ መርፌው ላይ ነበር።»

አባቴ ናቸው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሳል ሲስሉ እደነግጣለሁ፤ ዝም ሲሉ ደግሞ ይብሳል። አንድ ቀን እራት ሳቀርብላቸው፣ «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» ሲሉኝ ሳህኑን ልጥለው ምንም አልቀረኝ። ሠርጉ በጥር ተደገሰ፤ ይትባረክም ቀሰሱ። አባቴ ከዓመታት በኋላ ስለ ካሴቱ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ዓረፉ። ካሴቱን አቃጥለውት ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። ቢሆንም ልቤ አላረፈም። ቤቴ ቴፕ እንዳይገባ ከለከልኩ። ልጆቼን ሳስተኛ እንኳ አላንጎራጎርኩም፤ ባሌ ያኔ ያችን ዘፋኝ ሰምተዋት ከነበረ በርክርኩ እንዳይለዩኝ።

አሁን ህሊና ፊቴ ቆማለች።

«ከአያትሽ ሣጥን ነው ያገኘሽው?»

«የለም፤ አባዬ ነው የሰጠኝ።»

ቄሱም መቋሚያቸውን በሩ ሥር አስደግፈው ገቡ። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ሰማሽው?» አሉ።

«አንቱ ነበሩ የወሰዱት?»

«እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አሉኝ?»

«አንቺስ ምነው ዝም አልሽኝ? እስክትነግሪኝ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። በዚያ ክረምት ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ የቀሐን ወንዝ እየተሻገረ እናንተ ቤት የሚመጣ ከእኔ ሌላ ማን ነበር?»

ማንም አልነበረም። ለእሳቸው የዘፈንኩትን እሳቸው እንዳይሰሙት ስደብቅ ኖርኩ። ስሜን ስጠብቅ ድምፄን ጣልኩት። ልጄም እናቷ ዘፍና እንደምታውቅ ያወቀችው ከካሴት ነው።

ህሊና እንደገና ከፈተችው። ቄሱ ዱካው ላይ ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ጀመር። ርክርኩ ጋ ሲደርስ ጣታቸውን ቀድመው አነሡ። ከግጥሙ አንዲት ቃል አልሳቱም።

ላለቅስ ነበር፤ ሌላ ነገር መጣብኝና እንባዬን መለሰው። እኛ ቤት ቴፕ ገብቶ አያውቅም። እኚህ ሰውዬ ይህን ያህል በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ የት እየሄዱ ነው ሲሰሙት የኖሩት?