የውጭ ይመስላል

«ፊትሽ ሲያበራልኝ… ሲያበራልኝ… ምን ነበር?» እያንጎራጎረ ይወለውላል። ከሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ ጀርባ የሚሠራ ብረት ሠራተኛ ነው። ራሱ ቆርጦ የበየደውን የኮምፒውተር ሳጥን (ኬዝ) በኒኬል ለብጦ መስተዋት አስመስሎታል። ላብ እንዳያደበዝዘው ጣቶቹን በጨርቅ ጠምጥሟል፤ የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ግን የሉም።

ያዘዘው ጎረምሳ መጥቶ ፊቱን አየበትና፣ «ጋሼ፣ የውጭ ዕቃ እኮ ነው የሚመስለው!» አለ።

ዜማው ተቆረጠ። «የውጭ? አርባ ቀን በብየዳ ዓይኑ የተቃጠለው የውጭ ሰው ነው?»

«ኧረ እያመሰገንኩዎት ነው!»

«እሱ ነው የሚያናድደኝ! በዚህ ከተማ ያልሠራሁት በር የለም፤ ስሜ ግን የትም የለም!»

ስል ብረት አነሣ። ጎረምሳው «ጋሼ፣ ይጫራል!» እያለ ሲጮህ፣ በኬዙ ግንባር ላይ ስሙን ከነአባቱ ነቀሰበት። ከዚያ እጁን ታጥቦ፣ እያጉረመረመ፣ የቀዘቀዘ ጎደሬውን ሊበላ ተቀመጠ።