በግድቡ መንገድ ላይ የቀረው ዱቄት

ማይከን ባሏ ከሞተ ወዲህ ቢራ እየጠመቀች፣ በጋሪ ጭና ወታደር እየተከተለች ትሸጥ ነበር። ያን በጋ ግን የተከተለችው ለገበያ አልነበረም። ስፔኖች ከበው በሚያስርቧት ከተማ ውስጥ ልጇ ሌይስኬ አለች፤ የምትከተለው ጦር ደግሞ ከበባውን ሊሰብር ዱቄት ጭኖ የሚሄድ ነው።

ግራና ቀኙ ረግረግ የሆነ የግድብ መንገድ ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። አዛዡ እረፉ አለ። ሰዉ የብረት ልብሱን አውልቆ እግሩን ውሃ ውስጥ ነከረ።

ጎሰን የሚባል ሽማግሌ ወታደር ጽዋውን ዘረጋላት።

«እትዬ ማይከን፣ ይሄ ቢራሽ ነው የፈረስሽ ሽንት?»

«የፈረሱማ ቢሆን መች ይደርስህ ነበር! ዝም ብለህ ጠጣ።»

ጠጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዛዦቹ ቃፊር አልላኩም እኮ። ከረግረጉ ማዶ ያ ጫካ ውስጥ ወፍ እንኳ አይጮህም።»

«ንገራቸዋ!»

«ነገርኩ። ሰዉ ደክሞታል አሉኝ። ምን ልበል፣ እኔም ደክሞኛል።»

ወዲያው ጫካው ተኩስ ተፋ። የጠላት ፈረሰኛም ከፊት በግድቡ ላይ ገባ። ውጊያ አይባልም፤ ገሚሱ ባዶ እግሩን ተገደለ፣ ገሚሱን ረግረጉ ዋጠው።

ማይከን ጋሪዋን ልታዞር ሞከረች፤ መንገዱ ጠበባት። ፈረሱን ፈታችና ሆዱን የተመታውን ጎሰንን አንስታ ጫነችው።

«ተይኝ፣ ነፍስሽን አድኚ!»

«ዝም በል! ልጓሙን ልያዝ።»

ቢራውንም፣ ዱቄቱንም ትታ ወደ ኋላ ሄደች። ጎሰን መንደር ሳይደርሱ ሞተ። ጉድጓድ የሚቆፍርላት ሰው እስክታገኝ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ማልቀስ አቃታት።

ከተማዋ እጇን ስትሰጥ ማይከን በከተማዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ከሚወጡት ሴቶች አንዷ ፊቷ ቆመች። አጥንቷ ብቻ ስለቀረ ልጇን አላወቀቻትም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

አቀፈቻት። ፈረሱ ላይ አወጣቻትና መንገድ ጀመሩ።

«አንድ ቀን ተኩስ ሰማን» አለች ሌይስኬ። «ደረሱልን ብለን ደወል ደወልን። እስኪመሽ ደወልን።»

ማይከን ልጓሙን ይዛ ትሄዳለች።

«እዚያ ነበርኩ» አለች። «ደወሉ አልተሰማንም።»