እትዬ ያልሸጡልኝ ዕጣ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ዓሣ የሸጠልኝም ከእኔ የገዛም ሁሉ ይህን ያውቃል። ባለቤቴማ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ከባንክ አጭር መልእክት ስልኬ ላይ በገባ ቁጥር ጫማውን ፈልጎ ቀስ ብሎ ይወጣ ነበር። «ለወለድ ተቆርጧል» ይላል መልእክቱ። «ማን ቁረጥ አለህ!» እያልሁ ስልኬ ላይ እጮሃለሁ። ስልኩ ምን ያድርግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርጄ ከአስጋሪዎች ቀረሶና አምባዛ ዓሣ እረከባለሁ፤ አጸዳለሁ፣ ሥጋውን ከአጥንት ለይቼ ፊሌቶ አወጣለሁ፣ ለሆቴሎች አስረክባለሁ። አስጋሪው ገንዘቡን እጅ በእጅ ይፈልጋል። ሆቴሉ ግን የሚከፍለኝ ወር ሲያልቅ ነው፣ እሱም ደስ ሲለው። ይህን ክፍተት ልሙላበት ብዬ ነው ባንክ ሄጄ ኦቨርድራፍት የሚሉትን ያስፈቀድሁት። ሒሳብሽ ውስጥ ያለው ቢያልቅም እስከዚህ ድረስ ማውጣት ትችያለሽ፣ ላወጣሽው ወለድ ትከፍያለሽ ተባልሁ። መያዣው ግሽ አባይ ሰፈር ያለችው ቤታችን ሆነች። ያችን ቤት እኔና ባለቤቴ በጭቃ ጀምረን በብሎኬት እስክንጨርሳት ድረስ ሁለት ልጆች ወልደንባታል። ሌላ ምንም የለንም።

መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር። አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ። በሁዳዴማ ዓሣ ከየት ይምጣ! ጾመኛው ሁሉ ሐይቁ ዳር ነው፤ እኔም ሰው የሆንሁ መሰለኝ። ኋላ መንገዱ ሲዘጋጋ እንግዳው ጠፋ። ሆቴሎቹ «ትንሽ ታገሺን» ይሉኛል። ምን ብዬ ልጣላቸው፣ ወንበራቸው ባዶ መሆኑን እኮ በዓይኔ እያየሁ ነው። ለአስጋሪው ግን ታገሡኝ አይባልም፤ እሱ የዕለት ጉርሱን ነው የሚሸጥልኝ። ስለዚህ ሳወጣ ሳወጣ የተፈቀደልኝ ገንዘብ ጫፍ ላይ ደረስሁ።

በዚያ ላይ ወለዱ ጨመረ። ከተፈቀደው ያለፈ ደግሞ ቅጣት አለበት። ወለዱ ሲቆረጥ ከጫፉ ያሳልፈኛል፣ በማለፌ እቀጣለሁ፣ ቅጣቱ ደግሞ ይበልጥ ያሳልፈኛል። ይህን ለባለቤቴ ሳስረዳው «ታዲያ የቱ ጋ ነው የሚቆመው?» አለኝ። እኔስ ሌላ ምን እየጠየቅሁ ነበር!

የባንኩ የብድር ሠራተኛ ክፉ ልጅ አልነበረም፣ እግዜር ይስጠው። «ወለዱ በየቀኑ ነው የሚታሰበው፤ ገንዘቡ እርስዎ ቤት ከሚያድር እኛ ጋ ይደር» ብሎ መከረኝ። ከዚያ ወዲህ የሸጥሁበትን ሁሉ ባንኩ ሳይዘጋ ሮጬ አስገባ ጀመር፣ እጄን እንኳ በቅጡ ሳልታጠብ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ብሩን በጣቷ ጫፍ ይዛ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን «ምነው እቴ፣ ሽቶ ነጋዴ መሰልሁሽ?» አልኋት። ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሳያት እኔም እስቃለሁ፤ በዚያ ዓመት የሳቅሁት እዚያች መስኮት ላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አንዱን ዲፕ ፍሪጅም ሸጥሁ። ዕዳው ግን ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ የብድር ሠራተኛው ጠርቶ አስቀመጠኝ። ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል፤ ለማደስ ደግሞ ዕዳው አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት። «ካልተዘጋስ?» አልሁት። ጠረጴዛውን እያየ «መመሪያ ነው እህቴ፤ ቤቱ ወደ ሐራጅ ይሄዳል» አለኝ። በዚያ ቀን ሳልጮህ ተነሥቼ ወጣሁ።

ሆቴሎቹን በር በር እየዞርሁ ለመንሁ፤ እነሱም ያላቸውን ሰጡኝ፣ አይካድም። የጎደለው ከአንድ የዕቁብ ዕጣ አይበልጥም ነበር። ዕቁባችን የሐይቁ ዳር ዕቁብ ነው፤ ዓሣ ነጋዴው፣ መረብ ሠሪው፣ የአስጋሪው ሚስት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው የምንጥለው። የቸገረው ሰው ዕጣ ከወጣለት ላይ መግዛት ይችላል። ለባለ ዕጣው ትንሽ ይጨምርለትና ተራ ይለዋወጣሉ። ሁልጊዜም የሚደረግ ነገር ነው፣ ማንም አይገረምበትም።

የዚያን ሳምንት ዕጣው ለእትዬ ወጣ። እትዬ የምላቸው ዓሣ የምረከበው የአንድ አስጋሪ ባለቤት ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ እስላም ናቸው፣ ምላሳቸውም ከእኔ አይተናነስም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ተከተልኋቸው።

«እትዬ፣ ዕጣዎን ይሽጡልኝ። ማንም ከሚጨምርልዎ አብልጬ እጨምርልዎታለሁ» አልሁ።

ቆሙ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ምን አልሽ?»

«እጨምርልዎታለሁ። የፈለጉትን ያህል።»

«አስተግፊሩላህ! በዚህ ዕድሜዬ ወለድ ልታበይኝ ነው? እኔን?» ብለው ሻሻቸውን ሰብስበው ጥለውኝ ሄዱ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ንዴት ነው። አልሸጥም ማለት ይቻል የለም እንዴ፣ ሰው መሐል ማዋረድ ምን የሚሉት ነው እያልሁ ቤቴ ገባሁ። ለባለቤቴ ስነግረው «ለእሳቸው እኮ ሐራም ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አብረሻቸው ኖረሽ እንዴት ጠፋሽ?» አለኝ። እውነትም እንዴት ጠፋኝ? ባንኩን በወለድ ስረግም ከርሜ፣ ወለድ ለማይነኩ ሰው ወለድ ይዤ ሄድሁ።

«መቸገርሽን ነግረሻቸዋል?» አለኝ ደግሞ።

«አልነገርኋቸውም።»

«አንቺ እኮ ስትለምኚም ዋጋ ትደራደሪያለሽ» አለና ሳቀብኝ። እኔ ግን አለቀስሁ፤ እሱም ሳቁን አቁሞ አጠገቤ ተቀመጠ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሐይቁ ዳር ወረድሁ። የዕቁቡ ጸሐፊ አጠገባቸው ቆሟል። ገና አፌን ሳልከፍት «አንቺ ቁጡ! ትናንት ያናደድሽኝ አንሶ ዛሬ ደግሞ ልታስጠብቂኝ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ትናንት ባለማወቅ...»

«ዝም በይና ስሚኝ። አልሸጥም። ዝም ብለሽ ውሰጂው። ለአንቺ ሲወጣ እኔ እወስዳለሁ፤ እስከዚያ ዋስሽ እኔ ነኝ። ወላሂ፣ አንዲት ሳንቲም ብትጨምሪ ግን ደጄን እንዳትረግጪ።»

«ምን እንደቸገረኝ እንኳ አልጠየቁኝም» አልሁ።

«ሰው ዕጣ ልግዛ የሚለው ጨንቆት ነው። ሌላውን ምን አደርግለታለሁ?»

«ገንዘቡን እርስዎ ለምን አስበውት ነበር?»

«ለምንም። ሳጥን ውስጥ ከሚተኛ ሥሪበት።»

ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። እንዲያ አልቅሼ አላውቅም።

ዕዳውን ዘጋሁ። የብድር ሠራተኛው ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ከልቡ ነው ደስ ያለው። «አሁን ውሉን እናድስልዎ?» አለኝ። «የቤቴን ካርታ ስጠኝ ልጄ፣ ሌላ ምንም አልፈልግ» አልሁት። ካርታው እስኪወጣ ትንሽ ተመላለስሁ፣ ግን ወጣልኝ። አሁን የምረከበው ኪሴ ባለው ልክ ነው፤ ሆቴሎቹም ግማሹን ቀድመው ይከፍሉኛል። ሥራዬ አንሷል፣ እንቅልፌ ግን ተመልሷል። ተመስገን።

አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ሐይቁ ዳር ቆሜ የእትዬን ባለቤት እጠብቃለሁ። የሞተር ጀልባ ያላቸው ሁሉ ገብተው፣ ሸጠው፣ መረባቸውን እያጠቡ ነው። ጋሼ ግን ገና ከሩቅ በመቅዘፊያ ይመጣሉ። የሆቴሉ ሰው በስልክ ይነዘንዘኛል፣ ፀሐዩም ወጥቷል። «ኧረ ጋሼ፣ ዛሬም እንዲህ ያረፍዳሉ? ገበያው አለፈኝ እኮ!» ብዬ ከዳር ሆኜ ጮኽሁ።

የዕቁቡ ጸሐፊ አጠገቤ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተይ አንቺ ሴት፣ ተይ። የሞተራቸውን ገንዘብ የወሰድሽው አንቺ አይደለሽም?» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ለካ ዕቁቡን የገቡት ለጀልባ ሞተር ኖሯል። የጋሼ ትከሻ ታሞ፣ የሞተሩ ሻጭም ቀጠሮ ይዞላቸው ነበር። ያንን ሁሉ ወር እኔ ቤቴ ውስጥ ተኝቼ ሳድር እሳቸው በታመመ ትከሻቸው ይቀዝፉ ነበር፣ እኔም ጠዋት ጠዋት አረፈዱ እያልሁ እነጫነጭባቸው ነበር። ጋሼ ዳር ደርሰው «በይ አትቆጪ፣ መጣሁ» አሉኝ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ዕጣው ለእኔ የወጣ ዕለት ገንዘቡን ሳልውል ሳላድር ለእትዬ አደረስሁ። እሳቸውም ጨምሬበት እንዳይሆን ብለው እዚያው ፊት ለፊቴ ቆጠሩት። ሞተሩ ተገዝቶ ጋሼ መጀመሪያ በመጡበት ጠዋት ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ሁሉ እልል አለ፤ የእኔ ከሁሉም በለጠ። ጀልባውን ሲያስሩ ተጠግቼ «ጋሼ፣ ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኋቸው።

ገመዱን እያጠበቁ «ብንነግርሽ ትወስጂው ነበር?» አሉኝ።

«አልወስድም ነበር።»

«ታዲያስ!» አሉና የመጀመሪያውን ሳፋ ዓሣ አቀበሉኝ።