የስለት ፀጉር

ያን ሰሞን ፀጉር ማሳደግ ይዞን ነበር። እኔና ጓደኛዬ ጎንደር ከተማ አብረን እንማራለን፤ ለጥምቀት ከሚመጡት ፈረንጆች ጋር እየዋልን ድንኳን መትከልና ጊታር መነካካት ለምደን የሰፈር ሰው «ሂፒዎቹ» ይለን ጀመር። እናቴ ጭንቅላቴን ባየች ቁጥር ታማትባለች። እኔ ያሳደግኩት ለማማር ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ጓደኛዬ ግን ስለት ነበረበት። እናቱ ጭልጋ ገጠር ኩላሊታቸውን ታመው ከተኙ ጀምሮ ፀጉሩን መቀስ አላስነካም። እሳቸው ድነው በእግራቸው ሄደው ቤተ ክርስቲያን የሳሙ ዕለት በንስሐ አባታቸው እጅ ሊቆረጥ ተስሏል። ይህን ለማንም አያወራም፤ ከእናቱ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የከተራ ዕለት ከጥምቀተ ባሕሩ በላይ ባለው ሜዳ ሦስት ድንኳን ተከልን። ከጎናችን ፈረንጆቹ ሰፈሩ፤ ከበታቻችን ደግሞ ከገጠር የመጣው ምእመን ጋቢውን አንጥፎ ተቀመጠ። በማግስቱ ጠበል ተረጭተን ልብሳችን ሳይደርቅ ፖሊሶች መጡና፣ ታቦታቱ ሊያልፉ ነውና ድንኳኑን አንሱ አሉን። «እናነሳለን» እያልን ጊታራችንን ቀጠልን። ጥፋቱ የኛ ነበር። ሁለተኛ ሲመጡ አልለመኑንም፤ ገመዱን በጥሰው ድንኳኑን በላያችን ጣሉት። ከመሀላችን አንዱ ድንጋይ ወረወረ። ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ከዚያ ዱላ ወረደብን፤ ሴቶች ጮኹ፤ አንድ ሰው «የወረወረው ባለ ፀጉሩ ነው» ብሎ መሰከረና ባለ ፀጉር የተባለ ሁሉ ታፈሰ።

አንድ ግቢ ውስጥ አስገቡን። ፀጉራቸው ወገባቸው የደረሰውን ፈረንጆች ፓስፖርታቸውን አይተው በትሕትና ሸኟቸው። እኛን አሰለፉንና መቀስ የያዘ ፖሊስ ከዳር ጀመረ። አለቃው ማተቡ ከሸሚዙ ኮሌታ ብቅ ያለ ሽበታም ሰው ነበር። ነገሩ ሳይከብደው አልቀረም፤

«ስለት ያለበት ካለ ይውጣ። የታቦት ነገር አልነካም» አለ።

ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ስጽፈው እንኳ አፍራለሁ። አለቃው አላመነታም፣ «ሂድ» አለኝ። ወዲያው ከኋላዬ አንዱ «እኔም» አለ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ስድስት ሰባት ሆኑ። የአለቃው ፊት ተለዋወጠ።

«ዛሬ ሁላችሁም ባለ ስለት ሆናችሁ? በታቦት ትቀልዳላችሁ?»

ጓደኛዬ የመጨረሻው ነበር። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «አያ፣ የኔስ የእውነት ነው። ለእናቴ ነው» አለ።

«የሁሉም ለእናቱ ነው» አለና መቀስ ወደያዘው ፖሊስ በእጁ ጠቆመ።

በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። ተመልሼ «የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ የሱ እውነት ነው» ማለት እችል ነበር። ፈራሁ፤ ፀጉሬም አሳሳኝ። ጓደኛዬ ፀጉሩን ተቆርጦ ሲወጣ አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ እናቱ ዘንድ ብቻውን መሄድ ስለፈራ አብሬው ሄድኩ። መደብ ላይ ተኝተው ነበር። የልጃቸውን ራስ ዳብሰው ብዙ ቆዩ። እንዴት እንደሆነ ነገራቸው፤ የኔን ነገር ግን አላነሳም። ያኔ ወደኔ ዞሩ።

«አንተንስ ምነው ተዉህ?»

«ስለት አለብኝ ብያቸው ነው፣ እናቴ።»

«ሸጋ። የልጄ ስለት ፈረሰ። እንግዲህ አንተ በጸሎትህ እኔንም ጥራኝ» አሉና የክርስትና ስማቸውን ነገሩኝ። እንዳልረሳው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ደገምኩ።

ውጭ ስንወጣ፣ «ልመለስና እውነቱን ልንገራቸው» አልኩት። ጓደኛዬ እጄን ያዘኝ።

«እንዳትነግራት። አሁን የቀራት ያንተ ስለት ነው።»

ፀጉሬን አልተቆረጥኩም። ከዚያ በፊት ስለራሴ እንኳ አዘውትሬ የማልጸልየው ሰውዬ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ደጅ እየቆምኩ ስማቸውን ጠራሁ። በሁዳዴ አጋማሽ አረፉ። ፍትሐቱ ላይ ካህኑ በክርስትና ስማቸው ሲጠራቸው ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።