ሽማግሌ ያስላከብኝ ስልክ

ሴትዮዋ መጀመሪያ የደወለችልኝ ምሳ ላይ ነው። "ውድ ደንበኛችን፣ የዕድሉ ተካፋይ ለመሆን አንድን ይጫኑ" አለችኝ። እኔም በጨዋ ደንብ "ይቅርታ እህቴ፣ እጄ ወጥ ነክቷል፤ ቆየት ብለሽ ደውይ" አልኳት። አልሰማችኝም፤ ንግግሯን ቀጠለች። በማግስቱም ደወለች። በሦስተኛው ቀን "ሰው ሲናገር ያዳምጣሉ!" ብዬ ስቆጣት ባለቤቴ በሳቅ ፍርስ ብላ፣ "የተቀዳ ድምፅ እኮ ነው" አለችኝ። ያኔ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ሃያ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነበርኩ።

እልህ ያዘኝ። ገበያው አጠገብ ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ሄጄ የጥሪ ማገጃ አገልግሎት እንዲያስገባልኝ ጠየቅሁት። "መምህር፣ የእሷን ብቻ ልዝጋ ወይስ ስልክዎ ላይ ያልመዘገቡትን ቁጥር ሁሉ?" አለኝ። "ሁሉንም" አልኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ቤታችን ጸጥ አለ። ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ብልጠቴ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የተባለችው ሴት የሥጋ ዘመዴ ሳትሆን አትቀርም።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከሸኮ መጡ። ጃንጥላቸውን በረንዳው ላይ አስደግፈው ገቡና "እሺ ካላልከን አንቀመጥም" አሉ። የላከቻቸው እዚያ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ልጇን ለጋብቻ የጠየቁ ሰዎች መልስ እየጠበቁ ነው፤ አባቷ በሕይወት የለም፣ እሺታው የሚጠበቀው ከእኔ ከአጎቷ ነው። እህቴ የራሷ ስልክ የላትም። ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ወጥታ ካገኘችው ሰው ተውሳ ትደውላለች። አምስት ቀን ወጥታ በአምስት ሰው ስልክ ሞክራለች። አምስቱም ጊዜ "የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪዎን መቀበል አይፈልጉም" ተብላለች።

"ምን አስቀየመችህ?" አሉኝ በዕድሜ የሚበልጡት።

አንዲት የተቀዳች ሴት ምሳ እንዳልበላ ስለከለከለችኝ ነው ብዬ አስረዳሁ። እርስ በርስ ተያዩ።

"ታዲያ ለተቀዳችው ብለህ ነው በእናትህ ልጅ ላይ የዘጋኸው?"

አፈርኩ። በዚያችው ሰዓት ጠጋኙ ዘንድ ሄጄ ማገጃውን አስነሣሁና ከሽማግሌዎቹ ጋር በሚኒባስ ሸኮ ገባሁ። እህቴ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ዓይኗ አብጧል።

"እትዬ፣ እንደዚያ ያለሽ ማሽኑ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አልኳት።

"ማሽኑ መች ያውቀኛል?" አለች። "አንተ ሳትነግረው?"

ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለሰዎቹም በዚያው ቀን እሺታዬን ላክን።

ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል እጄ ወጥ ቢነካም አነሣለሁ፤ "አቤት እትዬ" እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አንድን እንድጫን ትነግረኛለች።