የጫልቱን ተክል የቆረጥኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ። በየጾሙ መግቢያ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ያስታጎልኩትን ጸሎት ስዘረዝር፣ ይህችን አንዷን ከምላሴ ሥር ደብቄ እመለሳለሁ። «ሌላስ የለም፣ ልጄ?» ይሉኛል። «የለም፣ አባ» እላለሁ። እንግዲህ ኃጢአቴ አንድ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ የዋሸሁት ውሸት በላዩ ተከምሮበታል። ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

የጎረቤቴን የጫልቱን ተክል ቆርጫለሁ። በቢላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳያስገድደኝ። ተክል ቆርጣ ኑዛዜ ምን አስፈለጋት ትሉ ይሆናል። እኔም ብዙ ጊዜ ራሴን የማታልለው እንደዚህ እያልኩ ነው።

የምኖረው አዳማ ነው፤ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ። ባለቤቴ ካረፈ ጀምሮ የሙሽራ ቬሎ እያከራየሁ አንዲት ልጄን ሕይወትን አሳድጌያለሁ። ያኔ በረንዳዬ ስም ነበረው። በአዳማ ሙቀትና አቧራ አበባ ማቆየት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ግን ቅጠል በቅጠል በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልኩ፣ ነፋሱን በሸራ እየከለልኩ፣ ከደጅ የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ ሳያይ የማይሄድበት በረንዳ አደረግሁት። ሙሽሮች ቬሎ ሊለኩ ሲመጡ እዚያ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ሰፈሩ «ባለአበባዋ ዘነበች» ይለኛል። ባል የሌላት ሴት በሰው አፍ በመልካም ስትነሣ ምን ያህል ደስ እንደሚላት ታውቃላችሁ? እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጫልቱ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። የአዳሚ ቱሉ ልጅ ስትሆን አዳማ አግብታ ቀረች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ልጅ አልወለደችም። ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ በላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ «አካም ቡልቴ፣ ዘኒ ኮ» ትለኛለች፤ የኔ ዘኒ፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው። ሕይወት ትንሽ ሆና እኔ ገበያ ስወጣ የምትበላው እሷ ቤት፣ የምትተኛው እሷ ቤት ነበር። ያኔ አመሰግናት ነበር። በኋላ ግን ያው ደግነቷ ይቆጠቁጠኝ ጀመር።

ባቱ አበባ እርሻ ውስጥ የሚሠራ ወንድም አላት። አንድ ቀን አንዲት ቁራጭ ቅርንጫፍ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣላት። ቅጠሏ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ አዲስ ቅጠል ሲፈታ ደግሞ ዳር ዳሩ ሮዝ ይሆናል። ሁለት ቅጠል አይመሳሰልም። ወንድሟ የፈረንጅ ስሟን ነግሯት ነበር፤ ጫልቱ ወዲያው ረሳችውና «ሙሽሪት» አለቻት።

ጫልቱ ተክል ታውቃለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ግን አወቀችበት። ቁራጯን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁማ፣ ከአንጓው ላይ ነጫጭ ሥር እስኪወጣ በትዕግሥት ጠበቀች። ከዚያ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ተከለቻት። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያቃጥላት ከመስኮቱ ሥር፣ ከስስ መጋረጃ ጀርባ አኖረቻት። ውሃ የምታጠጣት ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከታ ደረቅ ሲሆንባት ብቻ ነው። የምታውቀውን ሁሉ ለኔም ነገረችኝ፤ አንዳንዴ ነጭ የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ እንደሚወጣ፣ እሱን ቶሎ ካልቆረጡት ጉልበቱን ሁሉ ወስዶ ባለቀለሙን እንደሚያጠፋው። አንገቴን እየነቀነቅሁ ሰማኋት። ይህን እውቀት በኋላ ለምን እንደተጠቀምኩበት ትሰማላችሁ።

ሙሽሪት አደገች። ከወገቤ በላይ ሆነች። ቆንጆ ነበረች፤ ይህን መካድ አልችልም። የሰፈሩ ሰው ሊያያት ይመጣ ጀመር። አንድ ቅዳሜ ከኔ ቬሎ የተከራየች ልጅ እኔ ቤት ለብሳ፣ እኔ ቤት ተኳኩላ፣ ፎቶ ልትነሣ ግን ወደ ጫልቱ ቤት ተሻገረች። የቬሎውን ጅራት ይዤ ያሻገርኳት እኔው ነኝ። ፎቶው በየስልኩ ዞረ። የለበሰችው የኔን ቬሎ ነው፤ ሰው የጠየቀው ግን ስለ ተክሉ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሙሽሮችም ያንኑ አደረጉ። በረንዳዬ ላይ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የጫልቱን ሳቅ በአጥሩ በኩል እሰማለሁ። የምትስቀው በደስታ እንጂ በኔ አልነበረም። ይህን ማወቄ ግን ምን ጠቀመኝ?

ቁራጭ እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት። «የመጀመሪያው ያንቺ ነው» አለችኝ። ጠበቅሁ።

አንድ ቀን እሷ ቤት ገብቼ የሙሽሪትን ቅጠል ስትወለውል አገኘኋት። ቀና ብላ በደስታ እያየችኝ፣ የልጁ ቤተሰቦች ጨዋ ሰዎች መሆናቸውን አጣርታ እንደደረሰችበት፣ ሽማግሌ ሲልኩ እንዳላስጨንቃቸው ነገረችኝ። የምን ልጅ? የምን ሽማግሌ? የኔ ልጅ ሕይወት የሻሸመኔ አስተማሪ ወድዳ፣ ሊያገቡ ተስማምተው፣ ነገሩ ሁሉ ተነግሮ ያለቀው ለጫልቱ ነበር። ጫልቱ ደግሞ የማውቅ መስሏታል። እኔም እንደማውቅ ሆኜ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሕይወትን ለምን ደበቅሽኝ አልኳት። አንገቷን ደፍታ፣

«እማ፣ አንቺን ፈርቼ ነው። እትዬ ጫልቱ አትቆጣም» አለችኝ።

ያን ቀን በልጄ አልተቀየምኩም። በጫልቱ ተቀየምኩ። ፍትሕ ነው? አይደለም። ቅናት ግን የበደለውን አይመርጥም፤ የሚቀርበውን ይመርጣል።

ሠርጉ ተሠረገ። ጫልቱ የመጀመሪያውን ቁራጭ በሸክላ ተክላ ለሕይወት የጎጆ መውጫ ሰጠቻት። ለኔ ቃል የገባችልኝን። «ለልጅሽ ሰጠሁ ማለት ላንቺ ሰጠሁ ማለት አይደል? ቀጣዩ ያንቺ ነው» አለችኝ። ሕይወት ተክሏን ታቅፋ፣ ጫልቱ አንገት ላይ ተጠምጥማ አልቅሳ፣ ወደ ሻሸመኔ ሄደች። ከኔም ጋር አልቅሳለች። እኔ ግን ያየሁት የጫልቱን አንገት ብቻ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጫልቱ እናት አዳሚ ቱሉ ታመሙና ልታስታምም ሄደች። በቤቷ የቀረችው ደራርቱ ናት፤ ሙሽሪትን ያመጣው የዚያ ወንድሟ ልጅ። አዳማ ኮሌጅ ልትማር መጥታ ከአክስቷ ጋር ትኖር ነበር። «አዳዳ» ትላታለች፤ የአባቴ እህት ማለት ነው። ጫልቱ ግን ልጄ ነው የምትላት፤ የምታያትም እንደ ልጇ ነበር። ልትሄድ ስትል ቁልፍ ሰጠችኝና ደራርቱ ፈተና ላይ ስለሆነች እንዳላስቸግራት፣ ሙሽሪትን እኔው እንዳጠጣላት አደራ አለችኝ። አደራ ነው ያለችኝ። ቃሉ ይኸው ነው።

መጀመሪያ በደንብ አጠጣሁ። አንድ ረፋድ ላይ ሕይወት ደወለች። ገና ድምፄን እንደሰማች የጠየቀችኝ የጫልቱ እናት እንዴት እንዳደሩ ነው። ከዚያ ጫልቱ ምግብ ትበላ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ። ስለኔ የጠየቀችኝ ልትዘጋው ስትል ነው። ስልኩን አስቀምጬ ከወጥ ቤት ቢላ አነሣሁ። ሐሳቡ መቼ መጣልኝ? አላውቅም። ምናልባት ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ውስጤ ተቀምጦ ቢላውን ሲጠብቅ ኖሮ ይሆናል።

ደራርቱ ትምህርት ቤት ነበረች። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ከሙሽሪት ግንድ ሥር ሁለት አረንጓዴ ቅርንጫፍ በቅሎ ነበር፤ ጫልቱ ሳትቆርጣቸው ነው የሄደችው። እነሱን አልነካሁም። ባለቀለሙን ሁሉ፣ ነጩን፣ ሮዙን፣ አንድ በአንድ ከሥሩ ቆረጥኩ። ከግንዱ ነጭ ፈሳሽ ወጣ፤ በቀሚሴ ጠረግሁት። የቀረው በማንም ደጅ የሚበቅል አረንጓዴ ቅጠል ሆነ። የቆረጥኩትን በፌስታል አድርጌ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ጫልቱ እናቷን ቀብራ ጥቁር ለብሳ ተመለሰች። ለቅሶ ደራሹ ሲወጣ፣ እኔና ደራርቱ ብቻ ስንቀር፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች።  ሙሽሪት ምን ሆነች ብላ ጠየቀች፤ ማንንም ሳታይ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። እኔ ነኝ ብዬ፣ ቀናሁ ብዬ፣ እግሯ ላይ መውደቅ እችል ነበር። እኔ ግን ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«ልጅ ናት፤ ለጓደኞቿ ቆርጣ ሰጥታ ይሆናል። አደራሽን አትቆጪያት» አልኩ።

አያችሁ? አማላጅ መስዬ ነው የከሰስኳት።

ደራርቱ ደነገጠች። «አዳዳ፣ እኔ ነክቼው አላውቅም። የሚያጠጡት እትዬ ዘነበች ናቸው» አለች። እውነቷን ነበር። ጫልቱ ግን በሕይወቷ ተቆጥታ የማታውቀው ሴት፣ የእናቷ ሐዘን ገና ከፊቷ ሳይወርድ፣ ተቆጣች። ትልቅ ሰው ላይ ጣት መቀሰርን ማን አስተማረሽ አለቻት። ጥፋቱ ምንም አይደለም፣ ውሸቱ ነው የሚያመኝ አለቻት። ልጅቷ ወደኔ ዞረች። እያለቀሰችም ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። እሷ ታውቃለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ ማንነቴን የምታውቅ አንዲት ሰው አለች።

በሳምንቱ ልብሷን ሸክፋ ወደ አዳሚ ቱሉ ተመለሰች። ትምህርቷን አልጨረሰችም። አባቷም ልጄን ሌባ አስባልሽ ብሎ ከእህቱ ጋር ተኳረፈ፤ ባቱን አልፎ አዳማ ሲመጣ እንኳ የጫልቱን ደጅ አይረግጥም። የጫልቱ ቤት ባዶ ሆነ። ልጅ ያልወለደች ሴት የነበራትን አንዲት ልጅ ወሰድኩባት። እኔ አንዲት ልጄ ሌላ ሰው በመውደዷ ያን ያህል የተቃጠልኩት እኔ።

የሰረቅሁትስ? ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ በውሃ አስቀመጥኩት። የመረጥኩት ነጭ ነጩን ነበር፤ በጣም ቆንጆውን። ነጭ ቅጠል ብቻውን ራሱን መመገብ እንደማይችል አላወቅሁም። በሰበሰ። አንዲት ቁራጭ ብቻ ሥር አወጣች። ተከልኳት፣ በቀለች። ግን ለማን ላሳያት? በረንዳዬ ላይ ላውጣት? ሰው በመጣ ቁጥር በዘንቢል እከድናታለሁ።

ባለፈው ዓመት ጫልቱ ሕይወትን ልትጠይቅ ሻሸመኔ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ እኔ ደጅ መጣች። ከጉዞው አቧራ ጋር፣ በእጇ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ይዛ። ከሕይወት ተክል ቆርጣ፣ እዚያው ሥር አስወጥታ፣ አውቶቡስ ላይ ታቅፋ ያመጣችው ነው።

«ዘኒ ኮ፣ ቃሌን አዘገየሁብሽ። ይቅር በይኝ» አለችኝ።

ተቀበልኩ። አመስግኜ ተቀበልኩ። እናም፣ እግዜር ይፍረድብኝ፣ ያን ጊዜም ቀናሁባት፤ እንዲህ መስጠት በመቻሏ። እሷ ከሄደች በኋላ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ያለችውን ነቅዬ ጣልኳት። የሰጠችኝ አሁን በረንዳዬ ላይ ናት። ሙሽሮች አጠገቧ ቆመው ይነሣሉ። የፈለግሁትን አገኘሁ ማለት ነው። ጠዋት ሳጠጣት ግን ፊቴን አዙሬ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ጫልቱ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ለደራርቱ ሰው ልካላት እንደነበር ነገረችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ፣ ነይና ትምህርትሽን ጨርሺ ብላ። የልጅቷ መልስ ይህ ነበር።

«ያላጠፋሁትን ይቅር አትበሉኝ፤ አልመጣም አለች» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ምን ዓይነት ልብ ነው ዘኒ? ይህን ያህል ዓመት እንዴት ትዋሻለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን ነው የጠየቀችው። ልጅ ናት፣ ይበርድላታል አልኳት። እንደገና። በዚያው አፌ።

ክፉ ቀን ነበር፣ ብቸኛ ሴት ነበርኩ፣ ቅናት አሳወረኝ ብል ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ግን ደራርቱን ወደ ትምህርቷ አይመልስም። ስለዚህ አልልም። ይቅርታም አልጠይቃችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። ያላጠፋችው ልጅ ይቅርታ አልቀበልም ብላ አዳሚ ቱሉ ተቀምጣለች። ያጠፋሁት እኔ አንዴ አፌን ከፍቼ ሦስት ቃል ብናገር ትመለሳለች። ጫልቱ እኮ ይኸው ከአጥሩ ማዶ ናት፤ ይህን ስናገር እንኳ ድምፅዋን እሰማዋለሁ።

ደራርቱ አልነካችውም። እኔ ነኝ። ለእናንተ ማለት ይህን ያህል ቀላል ነው።